በሊቃውንት ላይ ስለ መሣቅ

ከጥንት ግሪኮች ተርፎ እስከ ዘመናችን የደረሰ፣ ፊሎጌሎስ የሚባል አንድ የቀልድ መጽሐፍ አለ፤ የስሙ ትርጓሜ ሣቅ ወዳድ ማለት ነው። የተሰበሰበው ከልደተ ክርስቶስ በኋላ በ4ኛው ወይም በ5ኛው መቶ ዓመት ገደማ ነው ይባላል። በውስጡ ካሉት 265 ያህል ቀልዶች መካከል ከ100 የሚበልጡት ሰካራሙንና ንፉጉን ትተው የሚሥቁት በተማረው ሰው ነው። ከነዚህም በአንደኛው አንድ ምሁር አህያውን ሳይበላ መኖርን ሊያስተምረው አስቦ ገለባ ይከለክለዋል፤ እንስሳው በረኀብ በሞተ ጊዜም፣ ጾሙን ገና በደንብ በለመደበት ሰዓት አመለጠኝ ብሎ ያዝናል። ይህን ቀልድ ዛሬም ለገበሬ ብንነግረው ይሥቃል፤ ለፕሮፌሰር ብንነግረውም ይሥቃል፤ ነገር ግን የሁለቱ ሣቅ አንድ አይመስለኝም። ገበሬው የሚሥቀው በሌላ ሰው ነው፤ ፕሮፌሰሩ ግን የሚያውቀው አንድ ሰው ትዝ ብሎት ነው፤ ያም ሰው ምናልባት ራሱ ሊሆን ይችላል።

በዚህ ጽሑፍ የምመረምረው የዚህኑ ሣቅ ታሪክ ነው፤ ይልቁንም ካለፈው መቶ ዓመት አጋማሽ ጀምሮ በእንግሊዝና በአሜሪካ የበዛውን፣ የዩኒቨርሲቲን ኑሮ በሽሙጥ የሚተርከውን ልብ ወለድ ታሪክ ነው። ብዙ ሰው እንዲህ ያለውን መጽሐፍ ለጊዜ ማሳለፊያ ብቻ ያነበዋል፤ በዚህ አልነቅፈውም፤ እኔም ሆዴን ይዤ የሣቅሁባቸው ገጾች ብዙ ናቸው። ነገር ግን ሣቅ ዋጋ አለው፤ ዋጋውንም የሚከፍል ሰው አለ። ከፋዩ ማን ነው ብሎ መጠየቅ ደስታን ማበላሸት አይደለም። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከሁሉ የከበደው ዋጋ የተከፈለው ገና ከመጀመሪያው ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ423 ዓመት አሪስጦፋንስ የተባለው የአቴና ባለቅኔ «ደመናት» የሚባለውን ተውኔት በሕዝብ ፊት አሳየ። በዚያ ተውኔት ውስጥ ሶቅራጥስ የማሰቢያ ቤት ከፍቶ፣ ራሱ በቅርጫት ተንጠልጥሎ ሰማይን ይመረምራል፤ ደቀ መዛሙርቱም ቁንጫ የእግሯን ስንት እጥፍ እንደምትዘል ይለካሉ። አንድ ባለዕዳ ሽማግሌ አበዳሪዎቹን በንግግር ማታለልን ሊማር ወደዚያ ይመጣል፤ እርሱ ባይሆንለት ልጁን ያስገባል፤ ልጁም ትምህርቱን ቀስሞ ሲመለስ አባቱን ይመታና መምታቱ ትክክል መሆኑን በማስረጃ ያስረዳዋል። በመጨረሻ ሽማግሌው ተቆጥቶ ትምህርት ቤቱን በእሳት ያቃጥለዋል። ተውኔቱ በውድድሩ አልቀናውም፤ ሦስተኛ ወጣ። ሣቁ ግን በሰው ልብ ቀረ። ከ24 ዓመት በኋላ፣ በ399፣ ሶቅራጥስ ለፍርድ በቀረበ ጊዜ፣ አፍላጦን እንደ ጻፈልን፣ ከፊቱ ከቆሙት ከሳሾች ይልቅ የሚፈራው ዳኞቹ በልጅነታቸው ስለ እርሱ የሰሙትን ወሬ መሆኑን ነገራቸው፤ የአሪስጦፋንስንም ጨዋታ አንሥቶ አስታወሳቸው። ከዚያም ሞት ተፈረደበት። በእኛ አገር ሶቅራጥስ በ16ኛው መቶ ዓመት ከዐረብኛ ወደ ግእዝ በተመለሰው በመጽሐፈ ፈላስፋ ጠቢብ መካሪ ሆኖ ስለ ገባ፣ በቅርጫት ተንጠልጥሎ ያየው አንባቢ የለም፤ ይህም ለእርሱ መልካም ዕድል ነው።

ቀልድ ብቻውን ሰውን አይገድልም፤ በአቴና የጦርነት ቁስልና የፖለቲካ ቂም ነበረ። ይሁን እንጂ አሪስጦፋንስ ያደረገው ነገር ትምህርት ምን እንደ ሆነ ለማያውቅ ሕዝብ የገዛ ጥርጣሬውን በሣቅ አጣፍጦ ማቅረብ ነበር። ይህ የውጭ ሰው ሣቅ ከዚያ ወዲህም አልጠፋም። ጆናታን ስዊፍት በ1726 ባሳተመው በጉሊቨር ጉዞ ውስጥ የላጋዶን አካዳሚ ሲያሳየን፣ አንዱ ሊቅ ከኪያር ውስጥ የፀሐይን ጨረር አውጥቶ በጠርሙስ ለማሸግ 8 ዓመት ሲደክም እናገኘዋለን። በጣም ያሥቃል። ስዊፍት ያሾፈው ግን በለንደኑ የሳይንስ ማኅበር ነበር፤ የዚያ ማኅበር ፕሬዚዳንት ደግሞ በዚያን ዓመት አይዛክ ኒውተን ነበር።

ከውስጥ የመጣውን ሣቅ ለማየት ወደ ካምብሪጅ እንሂድ። በ1908 በዚያ የግሪክን ፍልስፍና ያስተምር የነበረ ፍራንሲስ ኮርንፎርድ አንዲት ቀጭን መጽሐፍ አወጣ፤ በዩኒቨርሲቲ አስተዳደር ውስጥ ለመግባት ለሚመኝ ወጣት የተሰጠች ምክር አስመስሎ ነው የጻፋት። በውስጧም የመምህራን ጉባኤ መልካም ሥራን ላለመሥራት የሚያቀርባቸውን ምክንያቶች አንድ በአንድ ይተነትናል፤ ዛሬ ትክክል የሆነውን ብንሠራ ነገም ሌላ ትክክል ነገር እንድንሠራ እንጠየቃለን የሚለው ፍርሃት አንዱ ነው፤ ጊዜው ገና አልደረሰም የሚለው ሌላው ነው። ስብሰባ ገብቶ የሚያውቅ ሁሉ ይህን በአዲስ አበባም ሰምቶታል፤ ካምብሪጅ ድረስ መድከም አያስፈልገውም። ኮርንፎርድ ሲጽፍ እርሱም ከነዚያ ተሰብሳቢዎች አንዱ ነበረ፤ በሚቀጥለው ስብሰባም ከነዚያው ሰዎች ጋር በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጣል።

እንዲህ ያለው ሣቅ ለእኛም እንግዳ አይደለም። የአገራችን የጨዋታ አባት አለቃ ገብረ ሐና ቧልተኛ ብቻ አልነበሩም፤ በዝማሬውና በአቋቋሙ ስማቸው የሚጠራ የቤተ ክርስቲያን ሊቅ ነበሩ። ከእርሳቸው ቃል ነው እየተባለ የሚወራልን ቀልድ ከቅኔ ቤት የወጣ ነው፤ ሰምና ወርቁን መለየት ያልተማረ ሰው ግማሹን ብቻ ይሥቃል።

አሁን ወደ ልብ ወለዱ ልመለስ። የዩኒቨርሲቲው ልብ ወለድ በብዛት የወጣው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው፤ ምክንያቱም አላጋጣሚ አይደለም። በአሜሪካ በ1944 የወጣው ሕግ ከጦር ሜዳ ለተመለሱ ወታደሮች የትምህርት ወጪ ስለ ቻለላቸው፣ በ1947 ከኮሌጅ ተማሪዎች ግማሽ ያህሉ የቀድሞ ወታደሮች ነበሩ። በእንግሊዝም በዚያው በ1944 የወጣው የትምህርት ሕግ የሁለተኛ ደረጃን ትምህርት በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ያለ ክፍያ አደረገው፤ ከለንደን ውጭ ያሉት ኮሌጆችም እየሰፉ ሄዱ። አባቱ ወይም አያቱ የዩኒቨርሲቲን ደጅ ያልረገጠ ሰው ተማሪ ብቻ ሳይሆን መምህርም ሆኖ ገባ። ለምሳሌ ኪንግስሊ ኤሚስ በሰናፍጭ ኩባንያ ይሠራ የነበረ የአንድ ጸሐፊ ልጅ ነበር። እንዲህ ያለ ሰው ቤቱን በሁለት ዓይን ያየዋል፤ ቁልፍ ስለ ተሰጠው የቤቱ ሰው ነው፤ ወንበሩ የማን እንደ ነበረ ስለማያውቅ ደግሞ እንግዳ ነው።

ኤሚስ በ1946 ወዳጁን ባለቅኔውን ፊሊፕ ላርኪንን ሊጠይቅ ወደ ሌስተር ሄደ፤ ላርኪን በዚያ በዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ ቤተ መጻሕፍት ይሠራ ነበር። ኤሚስ በመምህራኑ ማረፊያ ክፍል ተቀምጦ ሁኔታቸውን ሲያይ፣ ይህ ነገር መጻፍ አለበት ብሎ አሰበ። ከ8 ዓመት በኋላ፣ በ1954፣ «ዕድለኛው ጂም» ታተመ። ጂም ዲክሰን በአንድ ኮሌጅ የመካከለኛውን ዘመን ታሪክ የሚያስተምር፣ ለሙከራ የተቀጠረ ወጣት ነው፤ ትምህርቱን አይወድደውም። እንጀራው በፕሮፌሰር ዌልች እጅ ነው፤ ዌልች ደግሞ ለጥያቄ ቀጥተኛ መልስ የማይሰጥ፣ መኪና ሲነዳ አብሮት የተቀመጠውን የሚያስጨንቅ፣ ቅዳሜና እሑድ እንግዶች ሰብስቦ የጥንት ዘፈን የሚያዘፍን ሰው ነው። ዲክሰን በዚህ ሰው ቤት ተጋብዞ ሰክሮ ያድርና በሲጋራው አንሶላውንና ብርድ ልብሱን ያቃጥላል፤ የተቃጠለውንም ዙሪያውን በምላጭ ቆርጦ ሊደብቅ ይሞክራል። ስለ 15ኛው መቶ ዓመት የመርከብ አሠራር አንድ መጣጥፍ ጽፏል፤ ከንቱነቱን ከማንም በፊት የሚያውቀው ራሱ ነው፤ ሆኖም ያልጻፈ መምህር ስለማይቀጠር ወደ አንድ አዲስ መጽሔት ይልከዋል። የመጽሔቱ አዘጋጅ ፕሮፌሰር ተብሎ ወደ አርጀንቲና ሲሄድ፣ የዲክሰን መጣጥፍ በአዘጋጁ ስም በጣሊያንኛ ታትሞ ይገኛል።

በዚህ ሁሉ ሣቅ ውስጥ ፍርድ አለ። ዲክሰን በፕሮፌሰሩ ፊት አንገቱን ደፍቶ አቤት ይላል፤ ፕሮፌሰሩ ዘወር ሲል ግን ፊቱን በልዩ ልዩ ዓይነት ያጣምማል። ይህ የደካማ ሰው መሣሪያ ነው፤ ጌታውን ሊጎዳው አይችልም፤ ራሱን ግን ከማበድ ይጠብቀዋል። ሎሌ ሆኖ የኖረ ሁሉ ይህን ያውቀዋል።

ነገር ግን በዚሁ መጽሐፍ ውስጥ ማርጋሬት ፒል የምትባል ሌላ መምህርት አለች። መልኳ አያምርም፤ ልብሷ አይገጥምም፤ ስለ ፍቅር ስትናገር ትያትር የምትሠራ ትመስላለች። የእንቅልፍ ኪኒን ውጣ ከሞት የተረፈች ናት፤ ዲክሰንም ስለ ራራላት መላቀቅ አቅቶታል፤ በመጨረሻ ግን ኪኒኑን የዋጠችው ሰው እንዲደርስላት አስልታ እንደ ነበረ ይገለጻል፤ እርሱም ነጻ ወጣሁ ብሎ ወደ ሌላይቱ ቆንጆ ይሄዳል። ማርጋሬት የተቀዳችው ከወይዘሪት ሞኒካ ጆንስ መሆኑ ኋላ ታወቀ። ወይዘሪት ጆንስ ከ1943 እስከ 1981 በሌስተር የእንግሊዝኛን ሥነ ጽሑፍ አስተምረዋል፤ የላርኪንም የረዥም ዘመን ወዳጅ ነበሩ። ሙሉ ስማቸው ማርጋሬት ሞኒካ ቢል ጆንስ ነው፤ ቢል ከፒል ምን ያህል እንደሚርቅ አንባቢ ይፍረድ። ላርኪን ረቂቁን አንብቦ በማረም ብዙ ረድቷል፤ መጽሐፉም የተበረከተው ለእርሱ ነው።

ወይዘሪት ጆንስ በማስተማር ዘመናቸው ሁሉ አንድም ጥናት አላሳተሙም፤ ማሳተም ታይታ ይመስላቸው ነበር ይባላል። ስለ ማክቤት ሲያስተምሩ የስኮትላንዶችን ባለ መስመር ልብስ ለብሰው ይገቡ ነበር፤ ተማሪዎቻቸውም አልረሷቸውም፤ ከእነርሱ አንዱ ጆን ሰዘርላንድ፣ ኋላ ራሱም ስመ ጥር የሥነ ጽሑፍ ሊቅ የሆነው፣ በ2021 ስለ እርሳቸው ሕይወት መጽሐፍ አወጣ። እንግዲህ ነገሩን አስተውሉት። የኤሚስ መጽሐፍ ከሁሉ አብልጦ የሚያላግጠው ለሹመት ሲባል በሚጻፍ ባዶ መጣጥፍ ላይ ነው። በዚያ ቤት ያን መጣጥፍ ሳይጽፉ ለማስተማር ብቻ የኖሩ ሰው ቢፈለጉ እኚህ ሴት ነበሩ። በራሱ በመጽሐፉ ሚዛን ቢመዘን ኖሮ ጀግናው እርሳቸው በሆኑ ነበር፤ የሆኑት ግን መሣቂያ ነው። መጽሐፉን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ፤ በዌልች ላይ ያለው ሣቅ እስከ ዛሬ አልደበዘዘብኝም፤ በማርጋሬት ላይ ያለው ግን በየንባቡ እየጎመዘዘኝ ሄዷል። ዌልች ዲክሰንን ከሥራ ሊያስወጣው ይችላል፤ ማርጋሬት ማንን ታስወጣለች?

በአሜሪካ ከኤሚስ ሁለት ዓመት ቀድማ ሜሪ ማካርቲ «የአካዳሚ ደኖች» የሚል ትርጓሜ ያለውን ልብ ወለድ በ1952 አሳትማለች። በዚያን ጊዜ ስሙ ከተነሣው ከሴናተር ማካርቲ ጋር የስም እንጂ የሥጋ ዝምድና የላትም፤ ታሪኩ ግን የዚያ ዘመን ነው። ሄንሪ ሙልካሂ የተባለ መምህር ውሉ እንደማይታደስ የሚገልጽ ደብዳቤ ይደርሰዋል። ከዚያ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? የኮሙኒስት ፓርቲ አባል ነበርሁ ብሎ ያስወራል፤ ሐሰት ነው፤ ነገር ግን ባልንጀሮቹ በሐሳቡ ምክንያት የተሰደደ ሰው መስሏቸው ለነጻነት ሲሉ እንደሚቆሙለት ያውቃል። ቆሙለትም። በመጨረሻ ከኮሌጁ የሚለቀው ፕሬዚዳንቱ ነው እንጂ ሙልካሂ አይደለም። ይህን ታሪክ ስናነብ ከመጽሐፉ ውጭ ምን ይሆን እንደ ነበረ ማስታወስ አለብን፤ በ1949 የዋሽንግተን ግዛት ዩኒቨርሲቲ በዚሁ ምክንያት 3 ፕሮፌሰሮችን አስወጣ፤ በ1950 የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የታማኝነት መሐላ አንፈርምም ያሉ 31 መምህራንን አባረረ፤ እነዚህንም የግዛቲቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ወደ ሥራቸው እንዲመለሱ የወሰነላቸው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። በዚያን ሰዓት በተሳዳጁ ጎራ ውስጥ ያለውን አስመሳይ ማሳየት ድፍረት ነው የሚሉ አሉ፤ ለአሳዳጁ በትር ማቀበል ነው የሚሉም አሉ። እኔ ከፊተኞቹ ጋር ነኝ፤ ማካርቲ ራሷ እንዲህ ባለ ትንሽ ኮሌጅ አስተምራለች፤ ያላገጠችውም በገዛ ወገኖቿ የዋህነት ላይ ነው።

ከኋለኞቹ ደራስያን ዴቪድ ሎጅን ብቻ ላንሣ፤ እርሱም ከ1960 እስከ 1987 በበርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ ያስተማረ ነው። በ1975 ባወጣው «ቦታ መለዋወጥ» ውስጥ የሥነ ጽሑፍ መምህራን በግብዣ ላይ የሚጫወቱት «ውርደት» የሚባል ጨዋታ አለ። እያንዳንዱ ያላነበበውን አንድ የታወቀ መጽሐፍ ይጠራል፤ ያንን መጽሐፍ ካነበቡት ከሌሎቹ ተጫዋቾች ብዛት ያህል ነጥብ ያገኛል። ስለዚህ ለማሸነፍ መዋረድ ያስፈልጋል። ሪንግባውም የሚባል፣ መሸነፍን የማይችል አንድ ሰው መጀመሪያ ጨዋታው አልገባውም፤ በኋላ ግን ገብቶት ጠረጴዛውን መትቶ ሐምሌትን አላነበብሁም አለ። አሸነፈ። ከጥቂት ቀን በኋላም ሐምሌትን ያላነበበ የእንግሊዝኛ መምህር በቋሚነት ሊቀጠር አይችልም ተብሎ ሥራውን አጣ። በዚህ ቀልድ የማይሥቅ መምህር ካለ እፈራዋለሁ፤ እያንዳንዳችን በልባችን የደበቅነው አንድ ሐምሌት አለና።

ከሁሉ አብልጬ የምወድደውን ለመጨረሻ አቆይቼዋለሁ። ቭላዲሚር ናቦኮቭ ከሩሲያ ተሰድዶ ከ1948 እስከ 1959 በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ አስተማረ፤ በ1957 «ፕኒን» የተባለውን ልብ ወለድ አሳተመ። ቲሞፌይ ፕኒን ራሰ በራ፣ ደረተ ሰፊ፣ እግረ ቀጭን ስደተኛ ነው፤ በዌንዴል ኮሌጅ ለጥቂት ተማሪዎች ሩሲያኛ ያስተምራል፤ እንግሊዝኛው ከአፉ ተሰባብሮ ይወጣል። ታሪኩ ሲጀምር ክሪሞና በሚባል ከተማ ለሴቶች ማኅበር ንግግር ሊያደርግ ባቡር ተሳፍሯል፤ ባቡሩ ግን የተሳሳተ ነው፤ ፕኒን ጊዜውን የተመለከተው ካረጀ ሰሌዳ ላይ ነበርና። እንሥቃለን። የእንግሊዝኛ ክፍል ሹም የሆነው ጃክ ኮከረልም ይሥቃል፤ በየግብዣው የፕኒንን አነጋገርና አረማመድ እያስመሰለ ሰውን ያዝናናል።

ከዚያ ናቦኮቭ ቀስ እያለ ሣቃችንን ይወስድብናል። ፕኒን በወጣትነቱ የወደዳት ሚራ የምትባል ልጅ በጀርመኖች እጅ በቡኸንቫልድ እንደ ሞተች እንረዳለን፤ እርሷን ካሰበ በሕይወት መኖር ስለማይችል አለማሰብን ራሱን ያስተማረ ሰው ነው። የቀድሞ ሚስቱ ከሌላ የወለደችው ልጅ አንድ የሚያምር የመስታወት ጎድጓዳ ሳሕን በስጦታ ይልክለታል። ፕኒን ቤት ልገዛ ነው ብሎ ተደስቶ ባልንጀሮቹን ይጋብዛል፤ ግብዣው ሲበተን ደጋፊው የነበረው ፕሮፌሰር ወደ ሌላ ዩኒቨርሲቲ መሄዱን፣ እርሱም ሥራውን ማጣቱን ይነግረዋል። ብቻውን ቀርቶ ዕቃ ያጥባል። ከእጁ የለውዝ መስበሪያው ያመልጥና አረፋ ወደ ሞላው ውኃ ይወድቃል፤ የመስታወት ስባሪ ድምፅ ይሰማል። ፕኒን ፎጣውን ጥሎ በሩ ላይ ቆሞ ጨለማውን ያያል። ከዚያ ተመልሶ እጁን ከአረፋው ውስጥ ያገባል፤ የተሰበረው ብርጭቆ ነው፤ ሳሕኑ ደኅና ነው። ይህን ገጽ ያነበበ ሰው ከዚያ በኋላ ኮከረል ሲያስመስል አብሮት መሣቅ ይከብደዋል።

ናቦኮቭም ፈጽሞ ንጹሕ ነው አልልም። በኮርኔል ማርክ ሼፍተል የሚባል ከሩሲያ የተሰደደ የታሪክ መምህር ነበረ፤ ብዙ ሰው ፕኒን ማለት እርሱ ነው ይል ነበር፤ እንዲህ መባል ለአንድ ሊቅ ደስ የሚል ነገር አይደለም። ነገር ግን ናቦኮቭ ኤሚስ ያላደረገውን አድርጓል፤ አስመሳዩን በመጽሐፉ ውስጥ አስገብቶ እርሱንም እንድናየው አድርጎናል። በመጨረሻው ምዕራፍ ተራኪው ራሱ በፕኒን ቦታ ሊያስተምር ወደ ዌንዴል ይመጣል፤ በኮከረል ቤት ያድራል፤ ኮከረልም እኩለ ሌሊት እስኪያልፍ ድረስ ፕኒንን ሲያስመስል ያመሻል። ተራኪው መጀመሪያ ይሥቃል፤ እየቆየ ግን ያ ሰው ከማስመሰል ብዛት ራሱ እንደ ፕኒን መሆን የጀመረ ይመስለዋል። ሲነጋ ፕኒን ዕቃውን በጭነት የሞላች ትንሽ መኪናውን ይዞ፣ አንድ ውሻም አሳፍሮ፣ በሁለት የጭነት መኪናዎች መካከል ከከተማው ሲወጣ ተራኪው ያየዋል፤ ይጣራል፤ አይደርስበትም። ወደ ቤት ሲመለስ ኮከረል ቁርስ አቅርቦ፣ ፕኒን በክሪሞና ሴቶች ፊት ሊናገር ቆሞ የተሳሳተ ወረቀት መያዙን እንዴት እንዳወቀ ሊተርክለት ይጀምራል፤ መጽሐፉ እዚያ ላይ ያበቃል። በመጀመሪያው ምዕራፍ እኛ ያየነው ግን ሌላ ነው፤ ፕኒን ከመድረኩ ላይ ተቀምጦ ሊያስተዋውቁት ሲሉ፣ ከተሰበሰቡት ሴቶች መካከል የሞቱ ወላጆቹንና የተገደሉ ወዳጆቹን አንድ በአንድ ሲያይ ነበረ።